ጉታ «ውሃ» ካለ በኋላ

«አባባ በል! በል እንጂ!»

የአባቱ ቀበቶ እንደገና የጉታ ጀርባ ላይ አረፈ። እስከ ትናንት አንድ ቃል ተናግሮ የማያውቀው የሰባት ዓመት ልጅ አላለቀሰም፤ ጆሮዎቹን በእጆቹ ደፍኖ ግንባሩን ከጭቃው ግድግዳ ጋር ያጋጭ ጀመር። ግድግዳው ላይ ደም ታየ።

እህቱ ውባለም በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ጥፋቱ የእሷ ነበር። ትናንት አፏን ብትዘጋ ምን ነበረበት! «አባዬ፣ ጉታ ውሃ አለ!» ብላ እየዘለለች የነገረችው እሷው ናት።

እውነትም ብሎ ነበር። ጉታ ጆሮው ቢሰማም፣ ዘዴውን ያሳየቻት መስማት የተሳናቸውን ልጆች የምታስተምረው እትዬ ቡርቱካን ናት። «ሲረበሽ በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ ጠበቅ አድርገሽ እቀፊው። ውሃ የያዘ ባልዲ አሸክሚው፤ ክብደት ያረጋጋዋል። ከዚያ ጣሳውን አፍሽ አጠገብ ይዘሽ ‹ውሃ› በይና ጠብቂ። አትጎትጉቺው።» ውባለም ክረምቱን ሙሉ ጠበቀች። ክንዷ በጥርሱ ምልክት ተዥጎርጉሯል። ትናንት ግን ጣሳውን እያየ «ው... ሃ» አለ።

አባቷ ደበላ ወሬውን የተረጎመው በራሱ መንገድ ነበር።

«ይኸው መናገር ይችላል! ይህን ሁሉ ዓመት ሲያላግጥብኝ ነው የኖረው! ዛሬ አባባ ሳይል እህል አይቀምሳትም!»

ጉታ ድንገት ዞሮ የአባቱን እጅ ነከሰ። ደበላ ጮኸና በጥፊ መሬት ላይ ጣለው። ከዚያ ቀበቶውን ገልብጦ፣ ዘለበቱ ወደ ታች እንዲሆን አድርጎ ያዘ።

«ይተዉት! ይገድሉታል!» ውባለም ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች። አሽቀንጥሮ ጣላት፤ ጉልበቷ ደፉ ላይ ተላጠ። ቀበቶው ወደ ላይ ተነሳ።

«በጃንሆይ አምላክ!»

ከአፏ እንዴት እንደወጣ አታውቅም። የደበላ እጅ አየር ላይ ቀረ። በዚያ በንጉሡ ዘመን ይህ ስም ከተጠራ ባለሥልጣንም ይሁን ለማኝ ከቆመበት አይነቃነቅም። የጠራውም ሰው፣ «ትቼዋለሁ» ካላለ በቀር፣ ያስቆመውን ይዞ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። ግን አባቱን በንጉሥ ስም የሚያስቆም ምን ዓይነት ልጅ ነው?

ጎረቤታቸው እትዬ ታየች ጩኸቱን ሰምታ ሮጣ ገባች። «ኧረ ጉድ! ውባለም፣ አባትሽን?»

የደበላ ፊት አመድ መሰለ። «አንሺልኝ» አለ፣ በቀስታ። «በቃ፣ ትቼዋለሁ በይ። የሰፈር መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው? እኔ እኮ... እ... አንዴ እንኳ አባባ ቢለኝ ብዬ ነው።»

 ውባለም አባቷን ትወደዋለች። «ትቼዋለሁ» ካለች ሁሉም ያበቃል። ነገስ? ቀበቶው አሁንም ከእጁ አልወጣም።

ጉታን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ትንፋሹ እስኪረጋ ድረስ አቀፈችው። ከዚያ ለጎረቤቷ ሰጠቻት። «ጠበቅ አድርገው ይያዙልኝ፣ እትዬ። አያናግሩት።»

የድሮ ሰዎች ተካስሰው ዳኛ ጋ ሲሄዱ እንደሚያደርጉት፣ የነጠላዋን ጫፍ ከአባቷ ኩታ ጫፍ ጋር ቋጠረች።

«ይቅደሙ፣ አባዬ» አለችው።