ነጩ ማጣሪያ

አቶ ወልደገብርኤል ከመናገራቸው በፊት መነጽራቸውን የሚወለውሉ፣ ሻይ እንኳ ካልቀዘቀዘ የማይቀምሱ አንጋፋ ፋርማሲስት ናቸው። ምራታቸው ዕፀገነት ደግሞ ደረጃ እየዘለለች የምትወርድ፣ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ በር የሚገባ ሴት ናት። ልደታ በሚገኝ አንድ የዓይን ክሊኒክ ጓዳ ሁለቱ አብረው የዓይን ጠብታ ያዘጋጃሉ። አማቷ ያጣራሉ፤ እሷ በብልቃጥ ትሞላለች። ጥፋት ቢፈጠር በማን ላይ እንደሚላከክ ለመገመት ፖሊስ መሆን አያሻም ነበር።

ጥፋቱም ተፈጠረ።

በያጁ አቶ ሚደቅሳ የብረት ብናኝ ዓይናቸው ገብቶ ለምርመራ መጡ። የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ነስረዲን እዚያው ጓዳ የተዘጋጀውን፣ የዓይን ቁስልን አጉልቶ የሚያሳየውን ብርቱካናማ ቀለም ጠብ አደረጉላቸው። ሳምንት ሳይሞላ የቀኝ ዓይናቸው ጠፋ። በቀለሙ ውስጥ ሕያው ባክቴሪያ ተገኘ።

ጉዳዩን የያዘችው ኢንስፔክተር ደሚቱ መጀመሪያ የጠረጠረችው ከመርካቶ የመጡትን ብልቃጦች ነበር። ያልተከፈቱት ተመረመሩ፤ ንጹሕ ሆኑ።

ቀጥሎ ወደ ማጣሪያው ዞረች። በክሊኒኩ ደንብ እያንዳንዱ ዙር የተጣራበት ሜምብሬን፣ ያች ሳንቲም የምታህል ስስ ክብ፣ በከረጢት ታሽጋ ትቀመጣለች። አቶ ወልደገብርኤል የዚያን ዕለቱን አቀረቡ።

«ባለ ዜሮ ነጥብ ሃያ ሁለት ማይክሮን ነው» አሉ። «በዚህ ቀዳዳ ባክቴሪያ አያልፍም።»

እውነታቸውን ነበር። ሜምብሬኑ ተፈተነ፤ አልተቀደደም፤ ቀዳዳውም ልኩ ነው። እንግዲህ የቀረው ከማጣሪያው በኋላ ጠብታውን የነካው እጅ ብቻ ሆነ። ዕፀገነት ታሰረች።

«እጅሽን ታጥበሽ ነበር?»

«ኢንስፔክተር፣ ስሮጥ ያየኝ ሁሉ እጄን የማልታጠብ ይመስለዋል!»

«መልሽልኝ።»

«ታጥቤያለሁ። ጓንትም አድርጌያለሁ። ይልቅ አልታጠብ ያለውስ ጋዋኔ ነው።» ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ስንቴ በበረኪና ዘፈዘፍኩት። ያ ቀለም አንዴ ከነካ አይለቅም።»

ደሚቱ መጻፏን አቆመች።

«አማትሽ ያን ቀን እንዴት ነበሩ?»

«እንደ ወትሮው... የለም፣ ፈጥነው ነበር። ወረፋው በር አልፎ ነበርና ቶሎ ደረሱልኝ። ምነው? አባባን እንዳትነኩብኝ!»

«አንቺ ታስረሽ ስለ እሳቸው ትለምኛለሽ?»

«አባቴ ናቸዋ።»

ደሚቱ ቢሮዋ ተመልሳ ከረጢቱን በመስኮት ብርሃን ያዘችው። ሜምብሬኗ ነጭ ነበረች። እንደ ወተት ነጭ።

በማግስቱ የክሊኒኩ ጓዳ መጋረጃ ተዘጋ። ዶክተር ነስረዲን የዓይን መመርመሪያቸውን ሰማያዊ መብራት አበሩ። በዚያ ብርሃን ሥር ቀለሙ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ደሚቱ ሜምብሬኗን አረጠበች። ምንም አላበራም።

«ይህች ቀለሙን ነክታው አታውቅም» አለች። «ጋዋንዎን ይስጡኝ፣ አቶ ወልደገብርኤል።»

የኪሱን ውስጥ ገልብጣ ውሃ አርከፈከፈችበት። በጨለማው ውስጥ ሳንቲም የምታህል አረንጓዴ ክብ ቦግ አለች።

አዛውንቱ መነጽራቸውን አወለቁ። አልወለወሉትም።

«ባለ ሃያ ሁለቱ ተደፈነብኝና ጣልኩት» አሉ። «በሻካራው ማጣሪያ አስቀድሜ ብጠልለው ባልተደፈነ፤ ደግሜ ለመጀመር ወረፋውን ፈራሁ። ለውሃ ምርመራ የምናስቀምጠውን ባለ አርባ አምስቱን አነሳሁ። በዓይን የማይታይ ቀዳዳ እጥፍ ቢሆን ምን ያመጣል አልኩ።»

«ባክቴሪያ አመጣ።»

«አዎ። ወሬውን ስሰማ እውነተኛውን በኪሴ ሸሽጌ አውጥቼ ጣልኩት። በአዲስ ሃያ ሁለት ላይ ውሃ ብቻ አሳልፌ አሸግሁ። ስሜን ላድን ነበር እንጂ እሷን ልወነጅል አልነበረም።»

«ማጣሪያው ነፃ ከወጣ የሚታሰረው የእሷ እጅ እንደሆነ አላወቁም?»

«በካቴና ስትሄድ አወቅሁ» አሉ። ድምፃቸው ወረደ። «አውቄም ዝም አልኩ።»

ዕፀገነት ተፈታች። አቶ ወልደገብርኤል በዋስ ወጡ። በችሎቱ ዋዜማ ቤተሰቡ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ተሰበሰበ። ዕፀገነት ቀስ ብላ ገብታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

ልጃቸው ኢያኤል፣ የዕፀገነት ባል፣ ነበር የጀመረው። «አቶ ሚደቅሳ ዘንድ ሽማግሌ እንላክ፣ አባባ። ደግ ሰው ናቸው ይባላል። እሳቸው ይቅር ካሉ ዳኛውም ያቀልልዎታል።»

«ደግ መሆናቸውን ሰምቻለሁ። አይላክም።»

«ለምን?»

«ይቅር እንደሚሉኝ ስለማውቅ ነዋ።»

ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ። «አንቺንም ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ ዛሬ ብጠይቅሽ እንደ ልማድሽ ይቅር ለማለት ትፈጥኛለሽ።»

ዕፀገነት አቀርቅራ ከሥራ የመጣችበትን ጋዋን እጅጌ፣ ያልለቀቀውን የቀለም እድፍ፣ በጣቷ አሸች። 

«ስሙኝ» አሉ አዛውንቱ፣ ሁሉንም እያዩ። «የሰውየውን አንድ ዓይን ወስጄባቸዋለሁ። ሽማግሌ ልኬ ቅሬታቸውን ደግሞ አልወስድባቸውም። ነገ ችሎት ፊት ቆሜ ጥፋተኛ ነኝ እላለሁ፤ ከዚህ ቤት ግን አንድም ሽማግሌ አይወጣም።»