ያልተነበበው ስንብት

የሜቲ አስከሬን የተገኘው አስኮ ውስጥ ባለ አንድ ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ጓሮ፣ ሲሚንቶው ላይ ነበር። ኢንስፔክተር ዋጋነሽ ስትደርስ ጎረቤቶች ነጠላ ጣል አድርገውባታል። ግማሹ ሰው ያለቅሳል፤ ግማሹ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ያነባል። ልጅቷ በግል ድረ ገጿ ላይ የስንብት ቃል ለጥፋ ራሷን ከጣሪያ ወረወረች የሚለው ወሬ ሳንሱሲ ድረስ ተዳርሶ ነበር።

ዋጋነሽ ነጠላውን ገልጣ የሟቿን እጆች አየች። ሁለት ጥፍሮች ተሰብረዋል፤ ከሥራቸው ደም የያዘ ቆዳ አለ። በሜቲ ገላ ላይ ግን የጥፍር ጭረት የሚባል አልነበረም።

«ራሷን ልትገድል የወጣች ሴት ማንን ትቧጭራለች?» አለች አብሯት ለመጣው ሐኪም። መልስ ሳትጠብቅ ደረጃውን ወጣች።

ሜቲ ትሠራ የነበረው እዚያው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ደግፌ የሚባል ሰው ባቋቋማት አነስተኛ የድረ ገጽ ሥራ ድርጅት ውስጥ ነው። ኤአይ የሚሉት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከመጣ ወዲህ ሥራው ቀሏል። ደንበኛው የሚፈልገውን ለማሽኑ ይነግሩታል፤ እሱም ንድፉንም ሥዕሉንም ጽሑፉንም አዘጋጅቶ ያቀርባል። ሜቲ የወጣውን ታሳምራለች። ቀደም ሲል ጽሑፉን የምታርም ሰርኬ የምትባል ሴት ነበረች፤ ደግፌ «ማሽኑ ራሱ ይጽፋል» ብሎ አሰናብቷታል።

ደግፌ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ነበር። ሜቲ ከዚያች ሕፃን ሞት በኋላ ሰው መሆኗ ቀርቶ እንደነበር ተናገረ።

«የየትኛዋ ሕፃን?» አለች ዋጋነሽ።

ታሪኩን እየቆራረጠ ነገራት። ለአንድ የግል ክሊኒክ ድረ ገጽ ሠርተው ነበር። ክሊኒኩ ለወላጆች ብሎ የላከው የትኩሳት መድኃኒት ምክር «ጠብታ» ይላል፤ ማሽኑ አሳምሮ ሲጽፈው «ማንኪያ» አደረገው። ነገሬ የሚባል የሳንሱሲ ሰው ሕፃን ልጁ ትኩሳት ሲይዛት ገጹን ከፍቶ እንዳነበበው አደረገ። ልጅቱ አልተረፈችም። ነገሬ ቢሮው ድረስ መጥቶ እገድላችኋለሁ ብሎ ዝቷል። ሰርኬም ብትሆን፣ አለ ደግፌ፣ ስትባረር ሜቲን ረግማ ነው የወጣችው።

«ለመሆኑ ገጹን ከመለጠፉ በፊት ማን አነበበው?»

«የሜቲ ሥራ ነበር። ጥፋቷን ራሷ አምናለች እኮ። ስንብቷ ላይ የክሊኒኩ ስህተት የእኔ ብቻ ነው ብላ ጽፋለች።»

ዋጋነሽ ስንብቱ የታተመበትን ወረቀት ዘረጋችለት። በእጁ ገፋው።

«አንብቤዋለሁ። ደግሜ ማየት አልችልም፤ ያመኛል።»

ዋጋነሽ ወረቀቱን አጣጥፋ ያዘች። የምትጠይቀውን ጨርሳ ሳይሆን፣ አንድ ደቂቃ ብትቆይ ድምፅዋ ከፍ እንደሚል ስላወቀች ወጣች።

ነገሬን ያገኘችው ደጃፉ ላይ ነው። መዛቱን አልካደም። ነገር ግን ከድርጅቱ ለቅሶ የደረሰችው ሜቲ ብቻ እንደነበረች ነገራት። እግሩ ላይ ወድቃ፣ ገጹ ሳይነበብ እንዳይለጠፍ አለቃዋን ለምና እንዳልሰማት ተናግራለች። ይህንኑ ለፖሊስ ልትመሰክር ቃል ገብታለታለች።

«ምስክሬ እኮ ነበረች» አለ ነገሬ። «ያለ እሷ ማን ያምነኛል?»

ሰርኬ ዘነበወርቅ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፍታለች። ሜቲን መርገሟን አመነች፤ በኋላ ግን ታርቀው ነበር። ወረቀቱን ተቀብላ ማንበብ ጀመረች። ጽሑፉ እንዲህ ይል ነበር፤ «ውድ እናቴ፣ ሁሌም ከጎኔ ነበርክ። ሕይወት ከብዶኛልና ይቅር በለኝ። አታልቅስ። ትዝታዎቻችን እንደ ከዋክብት ለዘላለም ያበራሉ።» ሌላ ነገር የለውም።

ሰርኬ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እናቷን ‹ነበርክ› ትላለች? ይሄ ማሽኑ ነው። ሴቱን ወንድ ሲያደርግ ስንቴ አርሜዋለሁ! እኔ ከወጣሁ በኋላ ደግሞ ሜቲ ታርመው ነበር።»

«አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው አሉ፤ አማርኛው ተሳስቷት እንደሆነስ?»

«አስኮ ተወልዳ ያደገች ልጅ? ደግሞስ ለእናቷ በአማርኛ ጽፋ አታውቅም። ብትሰናበታት በኦሮምኛ ነበር።»

የሜቲን ገጽ መክፈቻ ማን እንደሚያውቅ ዋጋነሽ ጠየቀቻት። የሜቲም የግል ገጽ በድርጅቱ በኩል የተከፈተ ነው። ሰርኬ ከሥራ ስትወጣ የይለፍ ቃሎቹ ሁሉ ተቀይረዋል፤ ያሉት በሜቲና በደግፌ እጅ ብቻ ነው።

በማግስቱ ዋጋነሽ ፖሊሶች አስከትላ ሦስቱንም ደግፌ ቢሮ ሰበሰበቻቸው። የሜቲ ወንበር ባዶውን ነበር፤ ማንም አልተቀመጠበትም።

«ሜቲ ይህን አልጻፈችም» ብላ ጀመረች። «ለእናቷ በምትናገርበት ቋንቋ አይደለም። የተጻፈበት ቋንቋ ደግሞ ከእናንተ ማናችሁም የማትጽፉትን ስህተት ይዟል። ማሽን ነው የጻፈው። ያዘዘው ግን ሰው ነው። አቶ ነገሬ የገጿ መክፈቻ የላቸውም፤ እሷ ብትኖር የሚጠቀሙትም እሳቸው ነበሩ። ሰርኬ ብትሆን መክፈቻውም የላትም፣ ‹ይቅር በለኝ› የሚለውንም ሳታርም አትለጥፈውም፤ እጇ እሺ አይላትም።»

ወደ ደግፌ ዞረች።

«እርስዎ ግን ስንብቱ ላይ ሜቲ የክሊኒኩን ስህተት በራሷ ላይ ወስዳለች አሉኝ። የት ላይ ነው?»

«እዚያው ላይ ነዋ!»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። በዚህ ጊዜ አነሳው። ዓይኑ ከላይ ወደ ታች ወረደ፣ ተመልሶም ከላይ ጀመረ።

«ስለ ክሊኒኩ አንድም ቃል የለበትም» አለች ዋጋነሽ። «ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሰርኬም አንብባዋለች። አለ ብሎ የሚያምን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እንዲጻፍ ያዘዘው። አዘዝከው፤ ማሽኑ የመሰለውን ጻፈ፤ አንተም እንደ ልማድህ ሳታነብ ለጠፍከው። ሕፃኗን በገደልክበት መንገድ ነው ራስህን ያጋለጥከው።»

«ማሽኑ እኮ ነው…»

«ማሽኑ ጣሪያ ላይ አልወጣም!» ዋጋነሽ ጠረጴዛውን መታች። ድምፅዋ እስከ ደረጃው ተሰማ። «ጥፋቱን እንድትሸከምልህ ለመንሃት። እመሰክራለሁ ስትልህ ገፋሃት። ጃኬቱን አውልቅ።»

ደግፌ አልተንቀሳቀሰም። ፖሊሶቹ ሲያወልቁለት ከክንዱ እስከ አንጓው ሁለት የጥፍር ጭረት ታየ። ከሜቲ ጥፍር ሥር የተወሰደው ቆዳ ለምርመራ መላኩን ዋጋነሽ ነገረችው። እሱም ያኔ ተቀመጠ፤ «ገፍቼ ልገድላት አልነበረም፤ ተያይዘን ስንታገል ነው የወደቀችው» አለ። ማንም አላዘነለትም።

እጁ በካቴና ታስሮ ሲነሳ ነገሬ ስልኩን ከፍ አደረገ።

«ይሄ የመድኃኒቱ ገጽ ዛሬም አለ» አለ።

ዋጋነሽ ስልኩን ተቀበለችው። ማንኪያው እንዳለ ነው፤ ከላዩ የሚስቅ ሕፃን ሥዕል አለበት።

«ካነሳነው ጥፋታችንን አመንን ማለት ነው ብዬ ነው» አለ ደግፌ መሬት መሬት እያየ።

ሰርኬ የሜቲን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዋጋነሽ ለማስረጃ ቅጂ ካስቀረች በኋላ፣ ደግፌ የይለፍ ቃሉን ፊደል በፊደል ሲጠራ ሰርኬ ጻፈች፤ ገጹንም አጠፋችው። ነገሬ በስልኩ ደጋግሞ ሞከረ። ባዶ ሆነ። ሊወጣ ሲል ደግፌ ፊት ቆመ።

«ልጄን አይመልስልኝም፤ አውቃለሁ» አለው። «ግን ገጹን ያላነሳኸው፣ እስከዛሬ ደግሞ የማንን ልጅ ሞት እየጠበቅክ ነበር?»