ሁሉም ነገር ጨርቅ

ካላመናችሁ እለፉት። ማንንም ለማሳመን ትዕግሥቱ የለኝም። ግን ሆኗል... በእኛ ቤት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። የሚሠራው ከሳሎናችን ቀጥላ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው።

ገና በጎልማሳነቱ ቃላት ይጠፉበት ጀመር። ሐኪሙ "የአንጎሉ የፊትና የጎን ክፍል እየሟሸሸ ነው" አለን። "ትዝታው ይቆያል። ቀድሞ የሚሄደው ቋንቋውና ጠባዩ ነው።"

ሄዱ።

እናቴ "ማንኪያ አቀብለኝ" ስትለው "ማንኪያ ምንድን ነው?" ይላታል። ለቅሶ ቤት ገብቶ ይስቃል።

እያለ እያለ አንዲት ቃል ብቻ ቀረችው። ጨርቅ።

ዳቦው ጨርቅ። በሩ ጨርቅ። እኔም ጨርቅ።

መጀመሪያ ሳቅን። እማዬማ "ጨርቁን ሳይጥል እኛን ጨርቅ አደረገን" ትል ነበር።

ከዚያ የጎረቤት ድመት ገባች...

"ጨርቅ" አላት። መቀሱን አነሳ።

ዝርዝሩን ተዉት። ጠርዟን ግን አሳምሮ ዘምዝሞታል።

"እማዬ፣ ከዚህ ቤት ትወጫለሽ" አልኳት።

"ባሌን ለማን ጥዬ?"

"ለሐኪም።"

"አንቺ ደግሞ ሁሉን በችኮላ። እኔን አይነካኝም።"

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ልወስዳት መጣሁ። ታክሲውን በር ላይ አቁሜ ገባሁ።

የስፌት መኪናው ድምፅ የለም...

እማዬ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ በጀርባዋ ተኝታለች። ትከሻዋ ዙሪያውን በጠመኔ ተሰምሯል። እጅጌ የሚገጠምበት ቦታ።

"አትጩሂ" አለች በሹክሹክታ። "ሲጮህበት ይፈጥናል።"

መቀሱ ሥጋዋ ውስጥ ነው። ደሟ በጠረጴዛው እግር ይወርዳል። አባዬ ደግሞ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ መስመሩን እንዳይስት ተጠንቅቆ ይቆርጣል።

"አባዬ... ሰው ናት።"

ቀና አለ። ፊቱ ላይ ክፋት የለም።

"ጨርቅ" አለኝ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ።

ካውያውን አንስቼ ጭንቅላቱን መታሁት።

ሳቀ።

ደገምኩት። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ሰማሁ። ወደቀ።

እማዬን ወደ ሳሎን ጎትቼ አወጣኋትና የክፍሉን በር ከውጭ ቆለፍኩ። ክንዷን በሻርፔ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት።

"ገደልሽው?"

"ዝም በይ።"

ወደ ታክሲው ልወስዳት ደግፌ አነሳኋት...

ከዚያ ከውስጥ ድምፅ መጣ። የአባዬ ድምፅ። ያ ጨዋው፣ ለደንበኛ የሚያወጣው፣ ለዓመታት ያልሰማነው።

"ወዲህ ዞር ይበሉልኝ... እንዲያ። አሁን እጅዎን ዘርጋ ያድርጉ።"

እማዬ ክንዴን ጨመቀችው። ክፍሉ ሌላ በር የለውም። መስኮቱም የብረት ፍርግርግ አለው።

ወለሉ ላይ ተኝቼ በበሩ ሥር አየሁ።

የአባዬ ጫማዎች ቆመዋል። ከፊት ለፊታቸው... ሁለት ባዶ እግሮች፣ ልብስ እንደሚለካ ሰው ቀጥ ብለው።