ረጅም ጦር ቅርብ አይወጋም

ዳኛው የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። «ዳኛው» ቅጽል ስሙ ነው፤ አራት ጓደኛሞች በአንዳቸው ብየዳ ቤት ጓዳ እየተሰበሰቡ በሚጫወቱት የምናብ ጦርነት ማን እንደቆሰለ፣ ማን እንደሞተ የሚፈርደው እሱ ነበር። አሁን የእውነት ጦር ጎኑ ውስጥ ተሰክቷል።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሱ በያጁን በካቴና አስሮታል። ጦሩን የሠራው እሱ፣ ጦሩ መጣ በተባለበት በር በኩል የነበረውም እሱ፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? የሟች እህት፣ ነርሷ፣ የታሰሩትን እጆች ታያለች። በያጁ እጮኛዋ ነው። ወንድሟን ቀብራ እሱን እስር ቤት ልትጠይቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን ለጠላትም አይስጥ።

«የሁለት ሰው ቁመት የሚያህል ጦር ለምን ሠራህ?» አለች መርማሪዋ።

«ክርክር ለማብረድ። ዛሬ ጠዋት ዘንጉን ቫርኒሽ ቀብቼ እዚሁ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። እስኪደርቅ እንዳትነኩት ብያቸው ነበር።»

«የምን ክርክር?»

«በጨዋታችን ረጅም ጦር ቅርብ ያለ ሰው አይወጋም» አለች ነርሷ። «የወንድሜ ሕግ ነው። ጠበቃው ግን ይቻላል እያለ ስንት ዓመት ሲሟገት ኖረ። ዛሬ በጨዋታው እሱ የሚመራው ጦረኛ በዚሁ ሕግ ሞተበት። ጠላት ተጠጋውና መውጋት አትችልም ተባለ። ከዚያ እኔ ሻይ ላመጣ ወጣሁ፣ እጮኛዬ ደግሞ የውጭውን በር ሊዘጋ።»

ጠበቃው ልብስ ሰፊ ነው። ስሙ የወጣለት በጨዋታ ሕግ ላይ አፉ ስለማያርፍ ነው። አሁን ግን ረጋ ብሏል።

«እኔ ከዳኛው ጎን ነበርኩ፣ ትከሻችን ይነካካል። የወደቀብኝን የመጫወቻ ጠጠር ላነሳ ጎንበስ ስል ጦሩ ከበሩ በኩል መጣ። እኔማ እዚያው ተጠግቼው እንዴት እወጋዋለሁ? ረጅም ጦር ቅርብ አይወጋም። ነገረችዎት እኮ።»

መርማሪዋ መነጽሯን አድርጋ ዘንጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። ቫርኒሹ ገና ይጣበቃል። ከዚያ የጠበቃውን እጅ ያዝ አድርጋ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ከበሩ የሚወጋ ሰው የዘንጉን ጭራ ይይዛል» አለች። «ጭራው ላይ የጣት ምልክት የለም። ምልክቱ ያለው ከስለቱ ሥር፣ ክንድ በማይሞላ ቦታ ነው። ስለዚህ ወጊው ጦሩን አሳጥሮ ነው የያዘው። ሟች አጠገብ ነበር። ደግሞ ጠበቃው እጁን በቤንዚን ታጥቧል። ልብስ ሰፊ ጨርቁ እንዳይሸትበት ቤንዚን አይነካም። ቫርኒሽ ለማስለቀቅ ካልሆነ ምን አስነካው?»

«ብየዳ ቤት ነው፣ ቤንዚን የትም አለ» አለ ጠበቃው። «ሕጉ ደግሞ ያው ነው።»

«ይኸው ነው የገረመኝ። ስንት ዓመት የተሟገትክበትን ሕግ ዛሬ አመንክበት?» መነጽሯን አወለቀች። «ይሁን። እንግዲያው ዳኛው ልክ ነበር፣ አንተም ስትሳሳት ኖረሃል ብለን እንዝጋው።»

ዝም ቢል ምናልባት ይተርፍ ነበር። ግን አልቻለም።

«ልክ አልነበረም» አለና ጥግ የቆመውን መጥረጊያ አነሳ። «አንዱ እጅ እዚህ፣ ከስለቱ ሥር። ሌላው ስንዝር ያህል ከኋላ። የቀረው ዘንግ ወደ በሩ ይወጣል፣ ምንም አያግደውም። ከዚያ ወገብህን ዞር...»

እጁ አየር ላይ ቀረ። መጥረጊያው የዳኛው ወንበር ላይ አነጣጥሯል።

«ለጨዋታ ብለህ?» አለች ነርሷ።

«ሳቀብኝ» አለ ጠበቃው። «ያ ጦረኛ እኔ ነበርኩ። ሲሞት ሳቀብኝ።»

ካቴናው ከበያጁ እጅ ወደ ጠበቃው ተዛወረ። በሩ ላይ ሲደርስ ወደ መርማሪዋ ዞረ።

«ግን ይቻላል፣ አይደል?»

ፖሊሱ ወደ ውጭ ገፋው። በያጁ ከካቴናው የተፈታውን የእጁን አንጓ እያሸ ነርሷን ከወንበሯ ሊያነሳት እጁን ዘረጋ። አልተነሳችም።

«እኔም እኮ ስቄ ነበር» አለችው።

«ሁላችንም ስቀን ነበር» አለና አጠገቧ ተቀመጠ።