ሠላሳ ዓመት የቆመው ሞተር

ኦቦ ሙለታ የኢዮሲያስን ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መልሰዋቸዋል። የመጀመሪያው ወግ ነው፤ አምቦ ውስጥ ልጁን በአንድ ጥያቄ እሺ ብሎ የሚሰጥ አባት የለም። ሁለተኛው ግን ወግ አልነበረም።

«በሁሉ ነገር የሚስቅ ሰው፣ ልጄ ስታለቅስም መሳቁ አይቀርም» ብለው ቁርጡን ተናገሩ።

ልጃቸው ሃዋኒ ደግሞ የወደደችው ያንኑ ሳቁን ነበር። ጉደር ካምፓስ ሬጅስትራር ቢሮ ሥራ የጀመረች ሰሞን፣ የሂሳብ መምህሩ ኢዮሲያስ ግሬድ ሊያስገባ መጣና ፊቷን አይቶ፣ «ያስከፋሽ ተማሪ ካለ ስሙን ንገሪኝ፤ ኤፍ እሰጠዋለሁ» አላት። እናቷን ሸዋነሽን ከቀበረች ገና ሦስት ወሯ ነበር። የዚያን ቀን ሳቀች። ከሐዘኑ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«አባኮ፣ ጥርስ ባዳ ነው። ልቡን ቢያዩት…» አለች አባቷን ስትለምን።

«ልቡን የት አገኘዋለሁ? ጥርሱ ጋርዶታል!»

አባቷን አሳዝና ማግባት አልሆነላትም፤ ከእሷ በቀር ማንም የላቸውም። ሦስተኛዎቹ ሽማግሌዎችም ከተመለሱ ነገሩ አበቃለት።

ሚያዝያ ላይ የካምፓሱ ሠራተኞች ቢሾፍቱ ያለውን የአየር ኃይል ሙዚየም ሊጎበኙ ሲነሱ አውቶቡሱ ላይ አንድ ወንበር ተረፈ። ሃዋኒ አባቷን ለመነቻቸው። ኦቦ ሙለታ በወጣትነታቸው እዚያው ከተማ የተዋጊ አውሮፕላን ሜካኒክ ነበሩ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ወደ አገራቸው ተመለሱና የወፍጮና የውሃ ፓምፕ ሞተር እየጠገኑ ኖሩ። ስለ አውሮፕላን አንድ ቀን እንኳ ሲያወሩ ሰምታቸው አታውቅም። ስትጠይቃቸው እሺም እምቢም አላሉ፤ የጉዞው ዕለት ግን ገና ሳይነጋ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ጠበቋት።

ሙዚየሙ ግቢ ውስጥ አሮጌዎቹ አውሮፕላኖች ቀለማቸው ታድሶ ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል። ኦቦ ሙለታ አንድ ሚግ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። ክንፉን ከሥር በመዳፋቸው ቀስ አድርገው ዳበሱት። ሃዋኒ ፊታቸውን ማየት አልደፈረችም።

በዚህ መሀል ኢዮሲያስ ፎቶ ሊያነሣት ስልኩን ደግኖ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሲል፣ ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ፊት፣ ከትልቁ ክብ የአየር ማስገቢያ አጠገብ ደረሰ። ሽማግሌው ጮኹ። ሮጠው በኮሌታው ጨምድደው ጎተቱት፤ ስልኩ ከእጁ ወደቀ።

«በፊቱ አይታለፍም! ሰው ይውጣል!»

ሞተሩ ከቆመ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። አስጎብኚው ፈገግ አለ፤ መምህራኑ በሳቅ ፈነዱ። ኦቦ ሙለታ እጃቸው ኮሌታው ላይ እንዳለ ዙሪያቸውን አዩና ፊታቸው በሐፍረት ጠቆረ።

ሃዋኒ ወደ ኢዮሲያስ ዞረች። ቀልድ ሲመጣለት የግራ ቅንድቡ ከፍ ይላል። «ባክህ፣ ዛሬን ብቻ ዝም በል» አለች በልቧ።

ቅንድቡ አልተነሣም።

«ከስንት እርምጃ ነው የሚስበው፣ ኦቦ ሙለታ?»

የሚያሾፍባቸው መስሏቸው ትክ ብለው አዩት። ፊቱ ላይ ሹፈት አላገኙም።

«አንተ አሥር ቁጠርና ሰፋ አድርገህ ዙር» አሉት፤ ድምፃቸው ለስለስ አለ። «አዲስ ልጅ ሲመጣልኝ እንዲህ በኮሌታው ይዤ ነበር የማስተምረው። አንድም ልጅ አልተበላብኝም።»

«እኔንም አላስበሉኝም» አለ ኢዮሲያስ።

ከዚያ በኋላ በየአውሮፕላኑ አፍንጫ ፊት አሥር እርምጃ እየቆጠረ፣ ሰፋ አድርጎ እየዞረ አለፈ። አሮጌዋን ሄሊኮፕተር እንኳ አልማራትም። መምህራኑ «ይኼ ሰውዬ ዛሬ ምን ነክቶታል?» እያሉ እሱ ላይ መሳቅ ጀመሩ፤ በሽማግሌው ላይ የሚስቅ ጠፋ። ሃዋኒ አውቆ እንዳደረገው ገባት። እንደዚያች ሰዓት ወዳው አታውቅም።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ኦቦ ሙለታ ኢዮሲያስን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት። ሃዋኒ ከመተላለፊያው ወዲያ ተቀመጠች። ሆለታን ሲያልፉ ሽማግሌው ትከሻው ላይ ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

«እጄ ደንዝዟል» አላት በሹክሹክታ።

«ታዲያ አንቀሳቅሰዋ!»

«ይነቃሉ።»

ጊንጪ እስኪደርሱ ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ ኦቦ ሙለታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ተናገሩ።

«ሽማግሌዎችህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይምጡ።»

ሃዋኒ ወደ እነሱ ዘንበል አለች።

«ሳቅህንም ይዘህልኝ ና» አሉ ሽማግሌው። «ሸዋነሽ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል።»

«እሺ፣ አባኮ» አለ ኢዮሲያስ። ሃዋኒ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች፤ አውቶቡሱ ወደ አምቦ ቁልቁል ይወርድ ነበር።