ሰጋጅ እግር

አብዱረሂም ነጭ ጨርቅ ለብሶ መደብ ላይ ተጋድሟል፤ ገና ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። ጠዋት ከሽንኩርት ማሳው ሲመለስ ሚስቱ ናፊሳ አብሽ በጥብጣ ሰጠችው። ጠጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ደረቱን ጨብጦ ወደቀ፤ በዚያው ሞተ። ወንድሙ ሙጂብ «መርዝ አጠጣችው!» ብሎ ፖሊስ ጠራ።

ኢንስፔክተር ሙሉቀን ድሮም መቀመጥ አይሆንለትም፤ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ደግሞ አባሰበት። ከበር እስከ መስኮት ይንቆራጠጣል። ደጅ ለቀብር የመጣው ሕዝብ ያጉረመርማል። እውነቱን ቶሎ ካላወጣ ናፊሳ ፍርድ ቤት ሳትደርስ ሰፈሩ እንደሚፈርድባት ያውቃል፤ ኩርምት ብላ ወደተቀመጠችበት ጥግ ዞረ።

«የጠጣበትን ብርጭቆ ለምን አጠብሽው?»

«ግማሹን ጠጥቶ ለልጃችን ለሂዳያ ሰጣት። ጨልጣ መለሰችልኝ፤ አጥቤ ዞር ስል ወድቋል።»

ሙሉቀን በመስኮት አየ። የሰባት ዓመቷ ሂዳያ ዛፍ ሥር ከፍየል ግልገል ጋር ትታገላለች። ምንም አልሆነችም።

ተመልሶ ጨርቁን ከአስከሬኑ እግር ገለጠ። ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማት በሁለቱም እግሮች ወፍሮ ተጓጉሏል። የእጁ ጣቶች አንጓ ላይም ጠጣር ጉብታዎች አሉ።

«እትዬ አሪፋ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ሲል የሟቹን እናት ጠየቀ።

«ሰጋጅ እግር ነው ልጄ፤ የሰላት ምልክት። አባቱም ነበረው። አርባ ሳይሞላው አላህ ወሰደው። የአባቱ ወንድምም እንደዚያው።»

«ሙጂብስ?»

«እሱም አለው፣ ማሻአላህ።»

በር ላይ የቆመው ጎረቤታቸው ሙዐዊያ በዚያ ሐዘን መሃል ሳቁ እንዳያመልጠው አፉን በእጁ ሸፈነ። «ሙጂብ? እሱ እኮ ዒድ ሲመጣ ብቻ ነው የሚሰግደው!»

ሙሉቀን መንቆራጠጡን አቆመ። ስልኩን አውጥቶ ለአስከሬን መርማሪዋ ለዶክተር ሕይወት ደወለ። እትዬ አሪፋ ጀናዛው ሳይቀበር እንዳያድር ቢያለቅሱም አስከሬኑ ለምርመራ ተወሰደ። ሙጂብም እያጉተመተመ ደም ሰጠ።

በማግስቱ አስከሬኑ ሲመለስ ሁሉም ከዶክተር ሕይወት ጋር እዚያው ቤት ተሰበሰቡ።

«መርዝ ቢኖር ሂዳያን አይምራትም ነበር» አለ ሙሉቀን። «እንቅልፍ የነሳኝ ሰጋጅ እግር የሚለው ቃል ነው። ስንት ሰው አምስት ወቅት ሰግዶ ይኖራል፤ ጅማቱ እንዲህ ሲጓጉል አይታችኋል? ሲሰግዱስ ይህ ጅማት መሬት መቼ ይነካል? ደግሞ የሰላት ምልክት ሰግደው ያገኙታል እንጂ ከአባት አይወርሱትም። ሙጂብ፣ አንተ ሳትሰግድ ከየት አመጣኸው?»

ሙጂብ እግሩን ወደ ወንበሩ ሥር ሳበ።

«ኮሌስትሮል ነው፤ ስብ» አለች ዶክተር ሕይወት። «በዘር ይወረሳል። ጉበት ከደም ማጥራት ሲሳነው ከልጅነት ጀምሮ ጅማት ላይ፣ የልብ ደም ሥር ውስጥ ይከማቻል። የአብዱረሂም ልብ ደም ሥሩ ተደፍኖ ነው የቆመው። ሙጂብ፣ ያንተም ደም ከሚገባው ሦስት እጥፍ ኮሌስትሮል አሳይቷል። በዓይንህ ጥቁር ክፍል ዙሪያ ያለው ነጭ ቀለበትም ከዚያው ነው።»

«እኔ ሥጋ እንኳ አላበዛም!»

«በመብላት የመጣ አይደለም፤ ከአባትህ ነው። ግን መድኃኒት አለው፤ ዕድሜ ልክህን ትወስደዋለህ። ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።»

የሁሉም ዓይን ወደ ሂዳያ ዞረ። እትዬ አሪፋ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ማሻአላህ ያሉለት ምልክት ባላቸውንና ልጃቸውን ወስዶባቸዋል።

ሙጂብ ላብ አጠመቀው። «ናፊሳ… አውፍ በይኝ፤ በከንቱ ወነጀልኩሽ።»

ናፊሳ አላየችውም። የልጇን እጅ አጥብቃ ይዛ ተነሣች።

«እሱን ኋላ እናወራለን። መጀመሪያ ወንድምህን እንቅበር፤ ከዚያ አንተም መድኃኒትህን ታመጣለህ፣ ልጄም ለምርመራ ደሟን ትሰጣለች። ጫማህን አድርግ።»