ጥጋበኛ አያስቀምጥም

«ቁጥሩ?»

አጎት ፊቱን ወደ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ መስኮት አዙሮ ነው የጠየቀው። አጎት የምስጢር ስሙ ነው እንጂ ዘመዷ አይደለም፤ አለቃዋ ነው። የእሷ ስም «ወንፊት»። ሰባት ወር በአፈር ምርምር ቤት ጠርሙስ አጣቢ ሆና ቆይታለች፤ እጇ በሳሙና ተልጦ።

ወረቀት የለም። በቃል ብቻ። ይህን ያስተማራት ራሱ ነው።

«መጀመሪያ ንገረኝ። ተመራማሪዋን አንነካትም ብለህ ነበር።»

«ስድስት ሰዓት ላይ መኪና በጓሮ በር ይወስዳታል። ቁጥሩን ከእኛ ሌላ ሰው ማወቅ የለበትም።»

«ቃልህስ?»

«ተይኝ፣ ወንፊት። ቁጥሩን!»

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር።

ተመራማሪዋ እንደ እህት «እታለም» ነበር የምትላት። ምሳዋን ቆርሳ ታካፍላታለች። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታ ያስረዳቻትም እሷው ናት። «የአፈር ባክቴሪያ እንደ ሰው ነው፣ እታለም። ናይትሮጅን ሞልቶለት ጥጋበኛ ከሆነ አያስቀምጥም፤ ይዋለዳል። ስኳሩ ሳይጎድል ናይትሮጅኑ በሁለተኛው ቀን ሲቋረጥበት ግን ይደነግጣል፤ ሆዱ ውስጥ ስብ ያጠራቅማል። በዚያ ስብ ነው ፕላስቲክ የምንሠራው።»

ሁለተኛው ቀን። ቁጥሩ ይኸው ነው።

«አታቋርጡበት» አለች ወንፊት። «ናይትሮጅኑን በየቀኑ ጨምሩ። እስከ መጨረሻው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የጠርሙሱን ቂጥ ስፈትግ የከረምኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

ሳቀ። አመናት።

ባክቴሪያውን በበርሜል አርብተው ውሸቱን እስኪያውቁ አሥር ቀን አላት። ተመራማሪዋ ግን ያላት አሥር ደቂቃ ነው።

አልሮጠችም። የሮጠ ሰው ይታያል።

መንገዱን ተሻግራ ምርምር ቤቱ ገብታ የእሳት ደወሉን መስታወት ሰበረች። ሠራተኛው ሁሉ ወደ ፊት በር ጎረፈ። ተመራማሪዋን ከመሀል ክንዷን ይዛ ወደ ጠርሙስ ማጠቢያው ክፍል ጎተተቻት።

«ጋውንሽን አምጪ። የኔን ሽርጥ ለብሰሽ በጎን በር ውጪ። ቤትሽ እንዳትሄጂ።»

«እታለም፣ ምን ሆነሻል? እሳቱ የታለ?»

«እሳት የለም። ሊወስዱሽ ነው። እኔም ቁጥርሽን ልሰርቅ ነው የመጣሁት።»

ተመራማሪዋ አፍጥጣ አየቻት።

«ምሳዬን እየበላሽ?»

«እየበላሁ።»

ተመራማሪዋ ጋውኗን አውልቃ ጣለች፤ ሽርጡን ነጠቀቻትና ወጣች። የሦስት ዓመት ድካሟ መደርደሪያው ላይ ቀረ። ዞራ አላየችም።

ጓሮ ውስጥ የመኪና ሞተር ተነሳ፤ ወደ ፊት በር ዞረ።

ወንፊት ነጩን ጋውን ለብሳ በፊት በር ወጣች። ከመኪናው የወረዱ ሁለት ሰዎች ጋውኑን አይተው ተመራማሪዋ መስላቸው ተከተሏት። ሁለት መንገድ አዞረቻቸው። ገበያ መሀል ጋውኑን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከትታ፣ ከሸማቹ ጋር ተቀላቀለች።

አሥራ አንደኛው ቀን። ሌላ ከተማ፣ ሌላ ስም፣ የሆስፒታል ዕቃ ማጠቢያ ገንዳ። አጎት ዛሬ በርሜሉን ከፍቶ የሚያገኘው ባክቴሪያ ብቻ ነው። ስብ የለ፣ ፕላስቲክ የለ።

«እታለም፣ ምሳ አልበላሽም አይደል?» አለች አጠገቧ ያለችው አጣቢ፣ የዳቦዋን ግማሽ እየዘረጋችላት።

«በልቻለሁ።»

ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበር። ቀና ሳትል ማጠቧን ቀጠለች።